ያጠፋውም የተናገረውም

ባለቤቴ ካረፈ ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ የድርጅቱ ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ድርጅቱ የምለው ባለቤቴ አብዛኛውን የሥራ ዕድሜውን የሰጠው፣ እዚህ ሰሊጥ እየገዛ ወደ አገሩ የሚልከው የጃፓን የምግብ ንግድ ድርጅት ነው። ልጅቷ በአዲስ አበባው ቢሮ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ናት። እስከ ሀና ማርያም በሁለት ታክሲ መጥታ፣ ጭቃውን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግራ፣ በራፌ ላይ ጫማዋን ስትጠርግ ብዙ ቆየች። ጥሩ ልጅ መሆኗን ከዚያ አወቅሁ። ቢሆንም አልራራሁላትም።

"ማዘር፣ የሚፈርሙት አንድ ቦታ ብቻ ነው" አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

"መጀመሪያ ይነበባል" አልኳት።

ድርጅቱ የታሪክ መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ከነበረ አንድ የሰሊጥ መቁያ ሱቅ ተነስቶ እንዴት ባሕር እንደ ተሻገረ የሚተርክ መጽሐፍ። መሥራቹ በቤቱ ፊት ለፊት ሰሊጥ እየቆላ ይሸጥ ነበር። ልጁ ከሰፈሩ ገበሬዎች እየገዛ ሥራውን አሰፋው። በኋላ የአገራቸው ገበሬ ሰሊጥ መዝራት ሲተው የልጅ ልጁ ከውጭ ለመግዛት ተነሳ፤ መጀመሪያ ወደ ጎረቤት አገሮች፣ ከዚያ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ከዚያ ወደ እኛ። እያንዳንዱ አገር በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ገጽ ተሰጥቶታል። የኢትዮጵያው ገጽ ደግሞ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ በትልቁ ታትሞ፣ ለቡ ባለው መጋዘን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባለቤቴ የመጀመሪያው የመጋዘን ኃላፊ ስለነበር ፎቶውን ከገጹ ጎን ማድረግ ፈልገዋል። ለዚህ የእኔ ፊርማ ያስፈልጋል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት። ወረቀት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ከታች ማን እንደ ፈረመ ነው። ከዚያ ወደ ላይ እወጣለሁ። በዚህ ወረቀት ላይ ገና ማንም አልፈረመም። ወደ ላይ ስወጣ መሐል ላይ ይህን አገኘሁ፦

"የመጀመሪያው ጭነት ጃፓን ሲደርስ በተደረገው ምርመራ የናፍጣ ሽታ ተገኘበት። በጊዜው የአካባቢው ሠራተኞች ስለ ንጽሕና በቂ ግንዛቤ አልነበራቸውም። ድርጅቱ ባለሙያ ልኮ፣ ሥልጠና ሰጥቶ፣ ዛሬ በሁሉም አገር የምንጠቀምበትን የመቁላት ፍተሻ አስጀመረ።"

ሁለቴ አነበብኩት።

"ይኼ ውሸት ነው" አልኳት።

"የቱ ማዘር?"

"ጃፓን ሲደርስ የሚለው። የቀረውም ብዙ አይሻልም፤ ግን ከእሱ እንጀምር።"

"እኔ እኮ ተርጓሚ ብቻ ነኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው።"

"ከየትም ይምጣ። ሽታው የተገኘው እዚህ አገር ነው። እዚያች ማድ ቤት ውስጥ።" በጣቴ አሳየኋት።

ልጅቷ ሽታው አሁንም ያለ ይመስል ወደ ማድ ቤቱ ዞራ አየች። ሻይዋን ግማሽ ትታ ወረቀቱን እንደያዘች ሄደች። እኔም አልፈረምኩም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር፣ አንዳንድ ቀን ምንም።

ባለቤቴ ከምባታ ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። ድርጅቱ ዘንድ ከመግባቱ በፊት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤት ወለል የሚጠረገው በሰጋቱራ ነበር፤ የእንጨት ብናኙ በናፍጣ ይታሻል፣ ወለሉ ላይ ይበተናል፣ ከዚያ በረጅም መጥረጊያ ይገፋል። አቧራ አያስነሳም፣ ሲሚንቶውን ያወዛዋል። ተማሪ የነበረ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል። ለእኔ የመስከረም ሽታ ነው። ለባለቤቴ ግን ከዚያም በላይ ነበር፤ ሚኒስትር ሊጎበኝ ሲመጣ፣ የወላጆች በዓል ሲሆን፣ እንግዳ ሲከበር የሚሸት ሽታ ነበር። ንጹሕ ቦታ ማለት ለእሱ እንደዚያ የሚሸት ቦታ ነው።

ድርጅቱ ለቡ ውስጥ መጋዘን ተከራይቶ ሥራ ሲጀምር ቦታው ገና እርሻ ነበር። መኪና መንገዱ አልቆ በእግር ይገባል። ባለቤቴ የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኃላፊ ተባለ። ሰሊጡ ከሑመራ በጆንያ ይመጣል። ለቃሚ የምንላቸው ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ድንጋዩን፣ ግርዱን፣ ጥቁሩን ፍሬ በጣታቸው ይለቅማሉ። የመጀመሪያው ጭነት ተለቅሞ፣ ተነፍቶ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ሲያልቅ "ገዢው ከጃፓን ይመጣል" ተባለ።

ባለቤቴም ለእንግዳው መጋዘኑን በሰጋቱራ አስጠረገ።

ማንም አላዘዘውም። ናፍጣውን ራሱ ገዝቶ፣ ሰጋቱራውን ከአናጢዎች ለምኖ፣ ሴቶቹን አስተባብሮ አንድ ቀን ሙሉ ወለሉን አሸው። ሲያበቃ ወለሉ ላይ ፊትሽን ታያለሽ ብሎ ነገረኝ። ጆንያዎቹ በዚያ ወለል ላይ ተደርድረው ሦስት ቀን ቆዩ። ሰሊጥ ደግሞ ዘይት ነው። አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠጣል። ይህን ዛሬ ሁሉም የመጋዘን ሰው ያውቃል። ያኔ እኛ አናውቅም ነበር። ይኸውና፣ ጥፋቱን እኔው ራሴ ጻፍኩት። ከንጽሕና ማነስ የመጣ አይደለም። ከንጽሕና መብዛት የመጣ ነው።

ገዢው ከባለቤቴ የሚያንስ ወጣት ነበር። ሱፍ ልብሱን ለብሶ፣ በአዲስ አበባ ብርድ ጉንፋን ይዞት፣ አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ መጋዘኑን ዞረ። ወለሉን አይቶ በሁለት እጁ የባለቤቴን እጅ ጨበጠ። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ እንደ ሙሽራ ነበር።

"ምን አለህ?" አልኩት።

"የተናገረው አልገባኝም። ግን ወለሉን ነው ያመሰገነው።"

ኮንቴይነሩ ተጭኖ ወደ ጅቡቲ ወጣ። ባለቤቴ ከናሙናው የተረፈውን አንድ ትንሽ ከረጢት ሰሊጥ ወደ ቤት ይዞ መጣ። ቅዳሜ ቀን ነበር። ልጆቹ ዳቦ ይዘው ከበውኛል። ሰሊጡን ቆልቼ ከስኳር ጋር ወቅጬ ዳቦው ላይ ልነሰንስላቸው መጥበሻ ጣድኩ። ጥሬው ምንም አይሸትም ነበር። ሲሞቅ ግን ከመጥበሻው አንድ ነገር ተነሳ።

"ይኼ ነገር የትምህርት ቤት ወለል ወለል ይላል" አልኩ፤ ቀልዴን ነበር።

ባለቤቴ ከጓዳ መጣ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከዚያ ትኩሱን ሰሊጥ አንስቶ አኘከው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ምሳውን አልበላም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"ሆቴሉ። ሰውየው አልሄደም። መርከቡም አልተነሳም።"

"ተው እስኪ። ማንም አላወቀብህም።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ስለ እውነት የምጮኸው ሴት ያን ቀን "ማንም አላወቀብህም" ብያለሁ። እሱም ቀና ብሎ አየኝና "እኔ አውቄያለሁ። አንቺም አውቀሻል። ደግሞ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፤ ተነሽ" አለኝ።

እንግሊዝኛዬ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተለቀመ ነው። ሆኖም ተነሳሁ። ልጆቹን ጎረቤት ትተን ሄድን። ገዢው በሆቴሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየን ተነስቶ ጎንበስ አለ። ባለቤቴ ቆሞ ተናገረ፣ እኔ ተረጎምኩ። ወለሉን በናፍጣ ያስጠረገው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ሰሊጡ ሲቆላ እንደሚሸት፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ መሆኑን፣ ጭነቱ ሳይነሳ እንዲቆም። "ብቻ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሴቶቹን እንዳይጠይቁ ነው።

ሰውየው ቶሎ አላመነም። ባለቤቴ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ የተቆላ ሰሊጥ አውጥቶ ሰጠው። አሸተተ፤ አፍንጫው ተዘግቷልና ምንም አላገኘም። አኘከው። ከዚያ መሐረቡ ላይ ተፋውና መሐረቡን አጥፎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ለእኔ ተውልኝ" አለ። እንዲህ ነው ያለው፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝና አልሳሳትም።

መርከቡ በቀኑ ሄደ።

ወራት አልፈው ከጃፓን ወረቀት መጣ። ጭነቱ እዚያ ሲፈተሽ የናፍጣ ሽታ ተገኝቶበት እንዲመለስ ተደርጓል ይላል። ከዚያ በፊት አንድ ሰው እንደ ተናገረ የሚል ቃል የለውም። የአዲስ አበባው ቢሮ ኃላፊ ባለቤቴን ጠርቶ "ደብቀህ አዋረድከን" አለው። ከኃላፊነት አውርዶ ወንፊት ላይ አደረገው። ለቃሚዎቹ ሴቶችም ስም አወጡለት፤ ጋሽ ናፍጣ። ሲያልፍ አፍንጫቸውን ይዘው ይስቃሉ።

እኔ በዚያን ጊዜ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆምኩት። "ሂድ ተናገር! ነግሬው ነበር በል! እኔ ምስክር አለሁ!"

"ብናገር ሰውየው ይባረራል" አለኝ።

"አንተስ?"

"እኔ አልተባረርኩም። ወንፊት ላይ ነኝ።"

"የሱን ክብር ከአንተ ክብር በምን አስበለጥከው?"

"አላስበለጥኩም። ባይሸማቀቅ ኖሮ ይናገር ነበር። ይመጣለታል፤ ጠብቂው" አለኝ። እኔ ግን ያን ሰው በሆዴ ይዤ ኖርኩ።

ባለቤቴ ወንፊት ላይ ሆኖ አንድ ነገር ጀመረ። ከቤት አሮጌ መጥበሻና ከሰል ማንደጃ ወስዶ መጋዘኑ በር ላይ አስቀመጠ። ከሚገባው ጆንያ ሁሉ፣ ከሚወጣውም ሁሉ፣ እፍኝ እየዘገነ ይቆላል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሴቶች ሁለቱን ጠርቶ ያስሸትታቸዋል። ሁለት የሆነበት ምክንያት አንዷ ጉንፋን ቢይዛት ሌላዋ እንድታሸት ነው። መጀመሪያ ሳቁበት። "ጋሼ ዛሬ ደግሞ ምን ልታበላን ነው" ይሉታል። ቆይተው ግን ራሳቸው ለተራው መጣላት ጀመሩ፤ ማሽተት ከመልቀም ይሻላላ፣ ቀና ያደርጋል። ገዢው በሌላ ጊዜ ሲመጣ ቆሞ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጻፈ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ድርጅቱ ሰሊጥ በሚገዛበት አገር ሁሉ መጋዘን በር ላይ መጥበሻ ተጣደ። ባለቤቴም የመጋዘን ኃላፊነቱ ተመለሰለት። ለምን እንደ ተመለሰ ግን የነገረው የለም።

ልማዱ ቤትም ገባ። እስኪሞት ድረስ ያቀረብኩለትን ምግብ ሁሉ አሽትቶ ነው የሚበላው። እንደ ስድብ እቆጥረው ነበር፤ "እኔ መጋዘን ነኝ?" እለዋለሁ። አሁን ብቻዬን ስበላ ሳህኑ ሳይሸተት ፊቴ ይቀመጣል።

ካረፈ በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን አጽናኞች እየመጡ ዘመሩልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንዲት እህት "ለአማኝ አይለቀስም፤ ወደ ጌታው ሄዷል" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። "ወደ ጌታው ከሄደ ጌታው አለለት። እኔ ነኝ ያለ እሱ የቀረሁት" አልኳትና አለቀስኩ። ባሰኘኝ ጊዜም እስካሁን አለቅሳለሁ።

የድርጅቱ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ፊቷ በርቷል። አዲስ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ አስቀመጠችልኝ።

"ማዘር፣ ተዋግቼ ነው ያስለወጥኩት። ያንብቡት።"

አነበብኩት። ባለቤቴ "ታታሪው የመጋዘናችን አባት" ተብሏል። የመቁላት ፍተሻውን የፈጠረው እሱ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ስለ ናፍጣ አንድም ቃል የለም። ወለሉም፣ ሽታውም፣ የተመለሰው ጭነትም ጠፍተዋል።

"ጥፋቱስ?" አልኳት።

"አወጣነው!" አለች እንደ ምሥራች።

"መልሺው።"

"ማዘር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ለሞተ ባሏ ጥፋቱ ይጻፍልኝ ትላለች?"

"ጥፋቱን ካላጠፋ ምን ሊናገር ሄደ? ያለ ምክንያት መጥበሻ ይዞ በር ላይ የተቀመጠ ሰው አደረጋችሁት እኮ። ያጠፋውም እሱ ነው፤ የተናገረውም እሱ ነው። አንዱን ብታወጪው ሌላው ይወድቃል።"

"ለማን ነው የተናገሩት?"

ነገርኳት። ለማን እንደ ተናገረ፣ የት፣ ማን እንደ ተረጎመ። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየችው።

"እሳቸው እኮ የመጽሐፉ የክብር አማካሪ ናቸው" አለች ቀስ ብላ። "ጡረታ ወጥተዋል። ግን ገጹ ሲሰቀል ሊገኙ ይመጣሉ።"

"እንኳን መጡ።"

እሑድ የጥንት ለቃሚ ወዳጄ መጣች። የለቡ ተወላጅ ናት፤ መጋዘኑ የቆመበት መሬት የአባቷ የገብስ ማሳ ነበር። ዛሬ የለቃሚዎቹ አለቃ ናት። ነገሩን ከልጅቷ ሰምታ ልትገላግለኝ ነው የመጣችው።

"አንቺ ሴትዮ" አለችኝ "ሰው ለባሏ ሐውልት ያሠራል። አንቺ ክስ ታሠሪለታለሽ?"

"ምን አደርግ፣ ክሱ የራሱ ነው።"

"ፈርሚና ገላግይን አቦ። ፎቶው ይሰቀል፣ በየቀኑ እንየው። ናፍጣውን የረሳነውን ለምን ታስታውሺናለሽ?"

"ረስታችኋል? ስሙን ማን አወጣለት?"

ሳቅ አለች፤ አፍራም ነው። "እኔ ነኝ" አለች። "ደብቆ ያሰደበን መስሎን ነው። ቢሮው እንደዚያ ነዋ ያለን።"

"አልደበቀም" አልኩና ለእሷም ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት ያህል በሆዴ የያዝኩትን በአንድ ሳምንት ለሁለት ሰው ተናገርኩ። ወዳጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝና ስጨርስ "በፊቱ አፍንጫዬን የያዝኩት ስንቴ ነው" ብላ ወጣች። ፈርሚ አላለችኝም።

ገዢው ሰውዬ ገጹ ይሰቀላል ከተባለበት ቀን በፊት ቤቴ መጣ። እኔ አልጠራሁትም፤ ልጅቷ ነግራዋለች መሰለኝ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ሱፉ ያው ነው። ዛሬ እርስዎ ብዬ ነው የማናግረው። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፣ አያውልቁ ብላቸው እምቢ አሉ። ግድግዳው ላይ ወዳለው የባለቤቴ ፎቶ ሄደው ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ከልባቸው ነበር። ከልባቸው መሆኑን እያየሁም አልበረድኩም።

"ጥሩ ሰው" አሉ በአማርኛ። የቀረውን በእንግሊዝኛ ቀጠሉ፣ ልጅቷ ተረጎመች። ወንድሜ ነበር፣ አስተማሪዬ ነበር፣ በስብሰባ ሁሉ ስሙን እጠራለሁ።

"ያን ቅዳሜ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ የነገረዎትንስ ይጠሩታል?" አልኩ።

ልጅቷ ተረጎመች። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሻይ አፈላሁ፣ ቀዳሁ፣ ቀዘቀዘ። ከዚያ ጀመሩ። ልጅቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ትተረጉምና ትቆማለች፣ እንዲቀጥሉ ትጠብቃለች።

"ከእሳቸው በፊት ሁለት ሰዎች ወደ ሌላ አገር ተልከው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ነበር ይላሉ። ኢትዮጵያ እንሂድ ብለው የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ጭነት ገና ወደብ ላይ ቆመ ቢሉ ቢሮው ሳይከፈት ይዘጋ ነበር። በባሕር ላይ ሽታው ይወጣል ብለው ተስፋ አደረጉ..." ቆመች። "ቀምሰውት እንደነበር ይናገራሉ። ያውቁ ነበር።"

"ከዚያስ? ጭነቱ ሲመለስ?"

"ፈሩ።" ልጅቷ ይህን ስትል ፊቷ ቀላ፤ ራሷ የፈራች ይመስል። "በየዓመቱ እናገራለሁ እያሉ ቆዩ። ባለቤትዎ ግን እኚህ ሰው በመጡ ቁጥር ስለ ልጆቻቸው ደኅንነት ብቻ ነው የሚጠይቋቸው። አንድ ቀን እንኳ አላነሱባቸውም።"

ይህ ገባኝ፤ እንደ ሚስማር ገባኝ። እሱ ነው፣ ምንም አልተቀየረም። ጠብቂው ብሎኝ ነበር፤ እሱ ሲጠብቅ ሞተ።

ሰውየው አንድ ነገር ጨመሩ። ልጅቷ አልተረጎመችውም። እኔ ግን እንግሊዝኛዬ ዝጓል እንጂ አልሞተም፤ ሰማሁት። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ከሄድኩ በኋላ ቢጻፍ አይሆንም ወይ፣ ነው የሚሉት።

"ባለቤቴም ከሄደ በኋላ ነው የተጻፈበት" አልኩ በአማርኛ። "ያውም በሐሰት። ዕድሜ ልኩን ጠበቀዎት። እኔ አልጠብቅም። እሱ ጥፋቱን ሲናገር ቆሞ ነው የተናገረው፣ እየኖረ። እርስዎም እየኖሩ ይናገሩ።"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች፣ ወደ እሳቸው አየች። ከዚያ አንድም ቃል ሳታለዝብ ተረጎመችው። በአነጋገሯ አወቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ልጄ የምላት።

ሰውየው እስክሪብቶ አወጡ። የመጀመሪያውን ወረቀት፣ ያን የሐሰቱን፣ ጠይቀው ተቀበሉ። "ጃፓን ሲደርስ" ያለውን፣ ስለ ሠራተኞቹ ንጽሕናና ስለ ባለሙያው የተጻፈውንም በቀጥ ያለ መስመር ሰረዙ። ከጎኑ በአገራቸው ፊደል ከላይ ወደ ታች ጻፉ። ከታች ፈረሙ፣ ከኪሳቸው ትንሽ ማኅተም አውጥተውም አተሙበት። ከዚያ የጻፉትን ለልጅቷ ነገሯት፤ እሷም ለእኔ አነበበችልኝ።

"መርከቡ ከመነሳቱ በፊት የመጋዘኑ ኃላፊና ባለቤቱ መጥተው ነገሩኝ። ወለሉን በናፍጣ ያስጠረገው እሱ መሆኑን ራሱ ተናገረ። ሰሊጡን ቀመስኩት። ጭነቱን አላስቆምኩም። በሪፖርቴም አልጻፍኩም።"

"ዋናው መሥሪያ ቤት ያትመው እንደሆነ እንደማያውቁ ይነግሩዎታል" አለች።

"እኔም አላውቅም" አልኩ። "ግን አሁን ፊርማ አለው።"

ሲሄዱ ጫማቸውን አጎንብሰው ሲያስሩ ጀርባቸውን አየሁት፤ ያረጀ ጀርባ ነው። ይቅር ብያቸዋለሁ ወይ? ወዳጄም ጠይቃኛለች፣ ፓስተሩም ጠይቀውኛል። ገና ነው። ስደርስበት እነግራቸዋለሁ።

መልሱ ከወር በኋላ መጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት ብዙ ተነጋግሮ፣ ለለቡው ግድግዳ የሚሆነው የአማርኛ ገጽ በተሰጠው እርማት መሠረት እንዲታተም ፈቅዷል። በየአገሩ በሚሰራጨው መጽሐፍ ላይ ግን ጉዳዩ "ለአጠቃላይ አንባቢ አስፈላጊ ስላልሆነ" የመጀመሪያው ጭነት ነገር በጠቅላላ ይወጣል፣ የባለቤቴ ፎቶና ውዳሴው ብቻ ይታተማል።

ልጅቷ ሁለት የፊርማ ወረቀት ይዛ መጣች፤ አንዱ ለግድግዳው፣ አንዱ ለመጽሐፉ።

ለግድግዳው ፈረምኩ። የመጽሐፉን ገፋሁት።

"ማዘር፣ በየአገሩ እኮ ነው የሚነበበው" አለች። "ሰው ሁሉ ያያቸዋል።"

"የሚያዩት እሱን አይደለም። ሙሉውን ካልወሰዱ ግማሹን አልሰጣቸውም። ፎቶውን ያውጡት፣ ስሙንም ያውጡት።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ጻፊላቸው፤ ሚስቱ እምቢ አለች በያቸው።"

መጽሐፉ ታትሞ አንድ ቅጂ ደረሰኝ። ወረቀቱ ያማረ ነው። በኢትዮጵያው ገጽ ላይ በባለቤቴ ፎቶ ፈንታ ያበበ የሰሊጥ ማሳ አለ። ማሳው ያምራል። ደስ አላለኝም፣ አላዘንኩምም። ስለ እሱ የሚዋሽ ነገር የለበትም፤ ለጊዜው ይበቃል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ የሰውየውን የእጅ ጽሑፍ ቅጂ አያይዤ። መልስ ካልሰጡኝ ሌላ እጽፋለሁ። ጊዜ አለኝ፤ ጊዜ ብቻ ነው የተረፈኝ።

ገጹ በተሰቀለበት ቀን ለቡ ሄድኩ። ሰውየው አልነበሩም፤ አገራቸው ተመልሰዋል። በመጋዘኑ በር ላይ ሁለት ለቃሚዎች መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። ውስጥ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ በላይ፣ ባለቤቴ ግራጫ ጋዋኑን ለብሶ ይታያል፤ ከጎኑ ጽሑፉ። ሴቶቹ ምሳቸውን ትተው ተሰበሰቡ። ፊደል የማያውቁ አሉ። ወዳጄ፣ አለቃቸው፣ ከሁሉም ፊት ቆማ ነበር፤ እሷም አታነብም።

"እስኪ አንብቢልን" አለችኝ።

"ልጅቷ ትሻላለች፣ ድምፅ አላት።"

"አይ፣ አንቺ።"

መነጽሬን አደረግሁ። ከላይ ጀመርኩ፤ ከመሥራቹ ሱቅ፣ ከባሕሩ፣ ከሌሎቹ አገሮች። ወደ እኛ ስደርስ ሴቶቹ ጠጋ አሉ። ከኋላ አንዲት ወጣት "ጥፋታቸውንም ጽፈውባቸዋል?" ብላ ለጓደኛዋ ስትንሾካሾክ ሰማኋት። ወዳጄ ዞር ብላ "ዝም በይና ስሚ" አለቻት።

ጥፋቱ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም።